የ10,000 እርምጃ ታሪክ፦ ሰዓታችሁ ስለ ክብደታችሁ ምን ያውቃል?

አመሻሹ ላይ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ የሚያደርጉትን ልብ ብላችሁ እዩ። የእጅ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያዩ አይጠፉም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ አይደለም፤ እርምጃ እየቆጠሩ ነው። ብዙዎቹ ቁጥሩ 10,000 እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ቆይ ግን፣ ለምን 10,000 ሆነ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ቶኪዮ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው እዚያ ነው። ውድድሩ ጃፓኖች ስለ ስፖርት እንዲያስቡ አነሳሳ። በቀጣዩ ዓመት ያማሳ የተባለ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙ «ማንፖኬ» ነበር፤ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» እንደ ማለት ነው። አያችሁ፣ ቁጥሩ ሰው ጤነኛ የሚሆንበት የተረጋገጠ ወሰን አልነበረም፤ ለማስታወስ የሚቀል የዕቃ ስም ነበር።

እንቅስቃሴ ጤናን እንደሚጠብቅ ግን ከዚያ በፊትም ፍንጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ ስለ ለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ጥናት አሳተሙ። ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። የእኛን ሚኒባስ ሾፌርና ረዳት አስቡ! በ1956 ደግሞ የዩኒፎርም ሱሪያቸውን ልክ ሲያመሳክሩ የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ጥፋቱ የውፍረት ብቻ ነው? አይደለም። በኋላ እንደታየው፣ ቀጭንም ሆኑ ወፍራም፣ ትኬት ቆራጮቹ የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

የዛሬው ሰዓት የእጃችንን እንቅስቃሴ በትንሽዬ ሴንሰር እየለካ ወደ እርምጃ ይቀይረዋል። ካሎሪ ላይ ግን ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ግምት የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ይሳሳት ነበር። በዚያ ላይ ሰዓቱ ምን እንደበላችሁ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 471 ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም ክብደት ለመቀነስ ምክር ያገኙ ነበር። መሣሪያ የታሰረላቸው በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ያልታሰረላቸው 5.9 ኪሎ ቀነሱ።

ታዲያ እርምጃ መቁጠር ዋጋ የለውም ማለት ነው? በፍጹም! የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ሚዛኑ ንቅንቅ ባይል እንኳ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አይ-ሚን ሊና ባልደረቦቿ ወደ 17,000 የሚጠጉ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ያጠኑበት ውጤት ወጣ። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ወቅት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ላይ ቆመ።

ስለዚህ 10,000 ሳይሞላ መሸ ብላችሁ አትዘኑ። ሰዓት ካላችሁ የዛሬውን ከትናንቱ አወዳድሩበት። ከሌላችሁም ችግር የለም፤ ቅርብ ለሆነ ቦታ ባጃጁን ተዉትና በእግራችሁ ሂዱ። ቆጠራችሁትም አልቆጠራችሁትም፣ ጡንቻችሁ ሥራውን ይሠራል።