ቤተ መጻሕፍት በብዙ እጅ ይጸናል

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ የዕረፍቱን ጊዜ ሲጠባበቅ፣ ወደ ጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክቱ የመጻሕፍቱን ነገር አልዘነጋም። በጢሮአዳ ከአክርጳ ቤት ልብሱን ትቶ ነበርና፣ ደቀ መዝሙሩ በሚመጣበት ጊዜ እርሱንና መጻሕፍቱን፣ ከሁሉም አብልጦ ብራናዎቹን፣ ይዞለት እንዲመጣ አሳሰበው። ይህን የሚያነብ ሰው የሐዋርያውን የትምህርት ፍቅር ያደንቃል፤ ማድነቁም የተገባ ነው። ነገር ግን በዚሁ ቃል ውስጥ ሌላም ምክር አለ። ሐዋርያው ታስሮ ሳለ ንብረቱ ያልጠፋው አንድ ወዳጅ በቤቱ ስላኖረለት ነው፤ ሌላም ወዳጅ ባሕርና የብስ አቋርጦ ሊያመጣለት ፈቃደኛ ስለ ሆነ ነው። ባለቤቱ አንድ፣ ጠባቂው ሌላ፣ አምጪው ሦስተኛ ሆኑ። መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ተጠብቆ የሚኖር ነገር አይደለም።

በዘመናችን በየከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት እናያለን፤ ደስም ይለናል። ሕንፃው ይመረቃል፤ መደርደሪያው ይሞላል፤ እንግዶችም ንግግር አድርገው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱን የሚያጸናው ምንድር ነው? የንጉሥ ሥልጣን ነውን? የባለጸጋ ገንዘብ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የገዛ አገራችን ታሪክ ግልጥ አድርጎ ያስተምረናልና። (በዚህ ጽሑፍ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በዓመተ ምሕረት የተቈጠሩ ናቸው።)

አስቀድሞ አባቶቻችን መጽሐፍን እንዴት ያስገኙ እንደ ነበረ እንመልከት። አንድ ወንጌል ወይም አንድ ገድል ይጻፍ ዘንድ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ከብቱን የሚሰጥ ባላገር አለ፤ ቆዳውን ወጥሮና ፍቆ ብራና የሚያደርግ አለ፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም የሚበጠብጥ፣ መቃውን ቀርጾ የሚጽፍ፣ የጻፈውን ከምንጩ ጋር እያስተያየ የሚያርም፣ ሥዕል የሚሥል፣ የሚጠርዝ፣ በመጨረሻም የቆዳ ማኅደር የሚሰፋ አለ። ጸሐፊው ሲጽፍ ቀለቡን የሚሰጥ ሌላ ሰው ነበረ። ስለዚህ በመጽሐፉ ፍጻሜ የጻፈውና ያጻፈው ስማቸው በአንድነት ተጽፎ፣ አንባቢው ለሁለቱም እንዲጸልይላቸው ይለመናል። ከዚያም ቀጥሎ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃል ይገኛል። ይህ ውግዘት እንዲሁ ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሁሉ ገንዘብ መሆኑን የሚመሰክር ውል ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ወንጌል ውስጥ ከቃሉ ሌላ የገዳሙ ንብረትና የመጻሕፍቱ ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ ከ700 ዓመት በፊት መነኮሳቱ ያላቸውን መጻሕፍት ቈጥረው፣ የሚመጣው ትውልድ እንዲጠይቅበት በማይጠፋ ቦታ ጽፈው አኖሩ ማለት ነው። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መዝገብ ሲያዘጋጅ እርሱ የሚሠራው ሥራ ለአገራችን እንግዳ እንዳይደለ ይወቅ።

ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ብዙ መጻሕፍት አብረው ነደዱ። የተረፉት የተረፉት ግንቡ ስለ ጠነከረ አይደለም። መነኮሱና ባላገሩ፣ ታንኳ ቀዛፊውና እረኛው ተባብረው ወደ ጣና ደሴቶች፣ ወደ ዋሻና ወደ አምባ ስላሸሿቸው ነው። የሸሸጉበትን ስፍራ ብዙ ሰው ያውቀው ነበረ፤ ዳሩ ግን መጽሐፉ የራሱ እንደ ሆነ ያመነ ሰው አሳልፎ አይሰጥም።

ከዚህ ጋር የመቅደላን ታሪክ እናስተያይ። ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍትን የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። በመቅደላ አምባ በመድኃኔ ዓለም ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት አስበው፣ ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት፣ ይልቁንም በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በተዘረፈችና በተቃጠለች ጊዜ፣ እስከ አንድ ሺህ የሚገመቱ መጻሕፍት ሰበሰቡ። አሳቡ ታላቅ ነበረ፤ መጻሕፍቱን በአንድ ስፍራ ማከማቸት ለትምህርት ይበጃል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እነዚያ መጻሕፍት ከየደብራቸው በወጡ ጊዜ ካህኑም፣ ተማሪውም፣ የጉልቱ ገበሬም ተለዩአቸው። ከዚያ በኋላ ጠባቂያቸው አንድ ንጉሥና የንጉሡ መድፍ ብቻ ሆነ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በጀግንነት ራሳቸውን በሠዉ ዕለት የመጻሕፍቱም ጠባቂ አብሮ ሞተ። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች አምባውን ዘረፉት፤ ምርኮውንም ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ከሳምንት በኋላ በደላንታ ሜዳ ጨረታ ተደርጎ ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ተሸጡ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለቤቱ ብዙ ገዛ። በዚህም ምክንያት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ሄዱ። ለዘመናት በብዙ ደብሮች ተበታትነው የኖሩት መጻሕፍት በአንድ ቀን ሊማረኩ የቻሉት በአንድ ሰው እጅ ስለ ነበሩ ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አላበቃም። ከመቅደላ ከወጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ለጉዞ ስለ ከበዱ በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቀሩ፤ እንደ ገና በካህናትና በምእመናን እጅ ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በነገሡ በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ወደ እንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ምክንያታቸውም ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን የማይቀበል መሆኑ ነበረ። ሙዚየሙም መጽሐፉን መለሰ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል። ከተወሰዱት መካከል ያ መጽሐፍ የተመለሰው ሕዝብ የእኔ ነው ስላለው ነው። የሚጠይቀው ያላገኘ መጽሐፍ ግን በባዕድ መደርደሪያ ተቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው መጽሐፍን ከመንግሥትና ከባዕዳን ሁሉ ሸሽጎ መያዝን ብቻ ነውን? አይደለም። በተሸሸገበት ምስጥ የበላው፣ የጧፍ እሳት ያቃጠለው መጽሐፍ ብዙ ነው። መተባበር በውል ሲሆን ከሩቅ ሰው ጋር እንኳ እንደሚጠቅም ኋላ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። አሳቡን ያነሣሣው በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር ዋልተር ሃረልሰን ነበረ። መሣሪያና ልምድ ያመጣው በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል የሚገኘው የቤኔዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እነዚያ መነኮሳት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፋውን አይተው ከ1965 ጀምሮ የአውሮፓን ገዳማት መጻሕፍት በፊልም ያነሡ ነበር። በእኛ በኩል የቤተ ክርስቲያናችን ጠቅላይ ቤተ ክህነትና መንግሥት ተባባሪዎች ሆኑ።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ውል በአንድ የደብር ገበዝ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የመጽሐፍ ጠባቂ የመቅደላን ታሪክ እያወቀ ብራናውን ለእንግዳ ለመስጠት ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን መጽሐፉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ደብሩ የሚመለስ መሆኑን ባየ ጊዜ እምነት አደገ። እንዲህ ሲሆን ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ቅጂው በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀመጠ፤ ብራናው ግን ከባለቤቱ አልተለየም። በመቅደላ መጽሐፉ ተወስዶ ደብሩ ባዶውን ቀረ፤ በዚህኛው መጽሐፉ በስፍራው ሆኖ ጥቅሙ ለዓለም ሁሉ ተረፈ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በቤታቸው በወታደሮች ጥይት ቆስለው እግራቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ በኮሌጅቪል ተቀምጠው፣ በፊልም የመጣላቸውን የአገራቸውን መጽሐፍ በሺህ የሚቈጠር እያነበቡ፣ የየመጽሐፉን ስም፣ ዘመንና ይዘት ለይተው መዘገቡ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ከመጻሕፍቱ አልተለዩም። ወደ አገራቸው ገዳማት ሊሄዱ ያልቻሉትን ሰው ገዳማቱ ወደ እርሳቸው መጡላቸው። የሐይቁ መነኩሴ ከ700 ዓመት በፊት የጀመረውን ዝርዝር የቀጠሉት እርሳቸው ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በከተማም ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋም መንግሥት ቤቱን ሰጠ፤ ሕዝቡም ወመዘክር ብሎ ጠራው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የወጣው አዋጅ ደግሞ የሚታተመው መጽሐፍ ቅጂ ለዚህ ቤት እንዲገባ አዘዘ፤ በዚህም አሳታሚው ሁሉ የቤቱ ተባባሪ ሆነ። በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዘንድም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ፣ ወደ ውጭ አገር ሊሸጥ የነበረውን መስቀል፣ ሥዕልና ብራና ከገበያ እየገዙ ለተቋሙ አስረክበዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ሥራ አልተለዩም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ በመደርደሪያው ሳለ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አለመኖሩን አዩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በልግስና የተሰጡ 15,000 መጻሕፍት ይዘው ተመለሱ፤ በሚከተለውም ዓመት በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር በመኖሪያ ቤታቸው ለሕፃናት የንባብ ቤት ከፈቱ። ኋላም በአዋሳ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ወደ ሕፃናቱ እንዲሄዱ ተደረገ። መጽሐፉ ከአሜሪካ፣ ጋሪው ከአዋሳ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይረባም ነበር።

ምናልባት፣ የሁሉ የሆነ ነገር የማንም አይደለም፤ የጋራ ዕቃ ቶሎ ይጠፋል፣ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት አለበት። ስለዚህ አባቶቻችን መጽሐፉን የማኅበር ሲያደርጉት ያለ ጠባቂ አልተዉትም፤ ገበዙ ይጠብቃል፣ መዝገቡ ይመሰክራል፣ ውግዘቱ ያስጠነቅቃል፣ ጉልቱ ይቀልባል። ለዛሬውም ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። መንግሥት ቤቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ ይስጥ፤ ባለጸጋው መጽሐፍ ይግዛ፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ይምጣ፤ እድሩና የጽዋ ማኅበሩ ከሚያዋጣው ጥቂቱን ይመድብ፤ ሰበካ ጉባኤውም የሚጠብቃቸውን ብራናዎች ቈጥሮ ይመዝግብ። የእያንዳንዱ ድርሻ በስም ይታወቅ እንጂ ሁሉም ይሠራዋል ተብሎ አይተው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ከአብያተ ክርስቲያናት የተዘረፉ ብራናዎች ለሽያጭ ቀርበው ታይተዋል። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢሰረቅ የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ዝርዝሩ የተጻፈ፣ ሥዕሉ የተነሣ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው መጽሐፍ ግን ቢወሰድ እንኳ የሚጠይቀው አለው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው ቢተዉት ያጎብጠዋል፤ ሰውየውም ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ብዙዎች ቢካፈሉት ግን ማንንም ሳይከብድ ሁሉን ያስጌጣል። አምላከ ቅዱሳን የአባቶቻችንን መጻሕፍት የሚጠብቅ፣ ለልጆቻችንም አዲስ መጽሐፍ የሚጨምር የተባበረ ልብ ይስጠን።