ተደራራቢ የተፈጥሮ አደጋዎች
አንድ የተፈጥሮ ክስተት ለሌላው መንገድ ሲጠርግ ወይም ጉዳቱን ሲያባብስ የሚደርሱ አደጋዎች ናቸው። ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ ቢመስሉም ይመጋገባሉ። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ሣር የራቀው መሬት ላዩ ስለሚጠጥር፣ ዶፍ ሲወርድበት ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ላዩ ላይ ቀርቶ ቁልቁል ይሮጣል። በ2023 መጨረሻ ኤልኒኖና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ተገጣጥመው ዶፍ አመጡ፤ የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ሞልቶ በሶማሌ ክልል ያሉ መንደሮችንና ከድንበር ማዶ የሶማሊያን ከተማ በለድወይንን አጥለቀለቀ። እጅግ የሚያሳዝነው የድርቁና የጎርፉ መደራረብ ነው፤ ከብቶቹ በድርቁ ያለቁበት አርብቶ አደር፣ ለክፉ ቀን የሚሸጣት አንዲት ፍየል እንኳ ሳትኖረው ጎርፉ ደረሰበት። ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓዶችን ጠርጎ ከመጠጥ ውሃ ሲቀላቅል ደግሞ ኮሌራ ሊከተል ይችላል።