የቸኮለው ኮምፒውተር

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ ከተግባረ ዕድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ የእድራችንን ኮምፒውተር ታቅፌ የገባሁት እዚያ ነው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ዩዝድ ነው፤ የተገዛውም አባላት ከወርኃዊ መዋጮ ላይ በጨመሩት ብር ነው። የአባላት ዝርዝር፣ የከፈለና ያልከፈለ፣ የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሁሉ በሆዱ ነው።

ችግሩ መንቀራፈፉ ነበር። በወሩ መጨረሻ እሑድ መዋጮ ለመክፈል ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ እኔ የአንድ ሰው ስም ፈልጌ እስካገኝ የተሰለፈው ሁሉ የሠፈሩን ወሬ ጨርሶ ይጠብቀኛል። አንዲት እናት አንድ ቀን «ልጄ፣ በደብተሩ ጊዜ ይሻል ነበር» አሉኝ። ይቺ ቃል ከነከነችኝ።

የመጠገኛው ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «ወይ ሚሞሪ ይጨመርለታል፣ እሱ ብር ይፈልጋል። ወይ እኔ ፕሮሰሰሩን አፈጥነዋለሁ፣ እሱ በሽቦ ነው፤ ምንም አያስከፍልዎትም።»

ብር ማውጣት ማለት ኮሚቴ መሰብሰብ ማለት ነው። ኮሚቴ መሰብሰብ ደግሞ ማስረዳት፣ መከራከር፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው። ሽቦው ነፃ ነው። ሽቦውን መረጥኩ።

ልጁ ያደረገውን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። እኛ ሲፒዩ የምንለው ሙሉውን ሳጥን ነው። ዋናው ሲፒዩ ግን በውስጡ ያለው፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጠው ፕሮሰሰር ነው። ይህ ነገር የሚሠራው እንደ ከበሮ በሚመታለት ምት ነው። የእኛው ሴሌሮን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ገበያ ላይ የዋለ ዓይነት ሲሆን በሰከንድ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ሁለት ጊጋኸርዝ የሚሉት ይህን ነው። ምቱን ብታፈጥኑለት ሥራውም ይፈጥናል፤ መፍጠን እስከቻለ ድረስ።

ይህን ማድረግ የጀመሩት የሜክሲኮ ልጆች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 አይቢኤም «ኤቲ» የተባለውን ኮምፒውተር በስድስት ሜጋኸርዝ አወጣ። ባለቤቶቹ ምቱን የምትሰጠውን ክሪስታል ነቅለው በፈጣን ክሪስታል ሲተኳት፣ ማሽኑ በስምንት ሜጋኸርዝ ደህና አድርጎ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ቆየት ብሎ ፍጥነቱን የሚመረምርና ከተወሰነለት በላይ ሲሄድ አልነሣም የሚል ፕሮግራም አብሮ ማውጣት ጀመረ። የባለቤቱና የአምራቹ ድብብቆሽ ያኔ ተጀመረ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ውስጥ ድብብቆሹ ሌላ ሦስተኛ ሰው ገባበት፤ ነጋዴው። አንዳንድ ነጋዴዎች በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር ይጽፉና በከፍተኛው ዋጋ ይሸጡት ጀመር። ገዢው ፈጣን የገዛ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ያለ ዕውቀቱ የተገረፈ ፈረስ ነው። በርበሬ ላይ ቀይ አፈር፣ ቅቤ ላይ ሙዝ እንደሚቀላቅሉት ያለ ነገር ነው። ኢንቴል በምት ማባዣው ላይ ቁልፍ ካደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ቁልፉ ግን ሁሉንም በር አልዘጋም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር በ149 ዶላር አወጣ። በዚያው ቀን በ450 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ፔንቲየም ቱ በ669 ዶላር ወጣ። ማባዣው ቢቆለፍም፣ የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ያሳደገ ሰው ከ149 ዶላሩ ዕቃ 450 ሜጋኸርዝ ያገኝ ነበር። አንዳንዱ ማዘርቦርዱን የሚያሳስተው በአንዲት የፕሮሰሰሩ መገናኛ ላይ እስኮች በመለጠፍ ነው። በ2000 ደግሞ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ጀርባ ላይ የነበሩትን የተቆረጡ ጥቃቅን መስመሮች ሰው በእርሳስ ያገናኛቸው ጀመር። የተማሪ እርሳስ! የእርሳሱ ጥቁር ነገር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ቁልፉ ይከፈታል። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት በመስመሮቹ መካከል ጉድጓድ ቆፍሮ እርሳሱን አከሸፈው።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ለምንድን ነው? ከአንድ ምድጃ የወጣ ዳቦ ሁሉ እኩል ስለማይበስልና፣ እኩል የበሰለውም እኩል ስለማይሸጥ ነው። አምራቹ ፕሮሰሰሮቹን እየፈተነ በየፍጥነታቸው ይመድባል። ርካሹን የሚፈልገው ገዢ ሲበዛ ግን ፈጣኑንም «ቀርፋፋ» ብሎ ይሸጠዋል። ስለዚህ በርካሹ ውስጥ የተደበቀ አቅም ሊኖር ይችላል። ይህን ለማግኘት የሚለፋው ደግሞ ኪሱ ያጠረው ሰው ነው። በእኛ አገር አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለብዙው ሰው የማይታሰብ በነበረበት ዘመን፣ ከአሮጌው ዕቃ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት የሚያወጣ ልጅ እንደ ባለሙያ ቢታይ አይገርምም። ባለሙያም ነው።

ወደ እኛው ሴሌሮን ልመለስ። ልጁ ፕሮሰሰሩን ነቀለና ከእግሮቹ መካከል አንዷን ቀጭን እግር በጥፍር ቀለም ሸፈናት። ያቺ እግር ለማዘርቦርዱ «የእኔ ምት 100 ነው» ብላ የምትናገር ናት፤ አፏ ሲያዝ ማዘርቦርዱ 133 ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ ሁለት ጊጋኸርዙ 2.66 ሆነ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ዊንዶው ሳይከፍት ሰማያዊ ሰሌዳ እያሳየ ይቆማል። ልጁ አልደነገጠም። «ጉልበት አንሶት ነው» አለ።

ጉልበት ማለት ቮልቴጅ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ለማዘርቦርዱ የሚነግረው በአምስት እግሮች ነው፤ አንዱ እግር «አለ» ወይም «የለም» ይላል፣ የአምስቱ ድምር ከ1.1 እስከ 1.85 ቮልት ያለውን ሁሉ ያዛል። ልጁ ከኬብል የመዘዛትን ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ሽቦ እንደ ዩ ፊደል አጥፎ፣ አንዱን እግር ከሌላው በሚያገናኝበት ሶኬት ቀዳዳ ውስጥ ሰካት። ማዘርቦርዱም 1.5 ይሰጥ የነበረውን 1.65 ሰጠ። ዊንዶው ተከፈተ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት ሒሳቡን ነው። የፕሮሰሰር ሙቀት ከምቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው። ቮልቴጁ ላይ 10 በመቶ ስትጨምሩ ሙቀቱ 21 በመቶ ያድጋል። ምቱ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምርበት ጠቅላላው ወደ 61 በመቶ ይደርሳል። 52 ዋት ገደማ የነበረው ከ80 በላይ ሆነ። ፋኑ ያው ፋን ነው። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን እየዞረ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የተጨመረውን ጉልበት ሁሉ የሚሸከሙት በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። በዚያ ዘመን ደግሞ በዓለም ዙሪያ ጥራታቸው የጎደለ ካፓሲተሮች እያበጡ ስንቱን ማዘርቦርድ ጨርሰዋል።

ጨዋታውን ትላልቆቹም አልቻሉትም። ኢንቴል ምት በማፍጠን ብቻ ሊቀጥል ያሰበውን ተከታይ ፕሮሰሰር በሙቀት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2004 ሰረዘና፣ በቀጣዩ ዓመት አንዱን ከማስሮጥ ሁለት ጎን ለጎን ማሠራትን መረጠ።

እኛ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው። አራት ወር ደህና ሄድን። ሰልፉ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ያን ያህል አላጠረም። በሰኔ መብራት በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ መብራቱ መጥቶ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ድምፅ የለም። ሌላ ባለሙያ ከፍቶ አሳየኝ፤ ካፓሲተሮቹ አናታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ ሁለቱም ፈሰዋል። ሽቦዋን በወረንጦ አወጣትና «ይህን ማን ነው ያደረገው?» አለኝ። ቀጥሎም ሳልጠይቀው «ሚሞሪው 256 ብቻ ነው እኮ። የሚያንቀራፍፈው እሱ ነበር እንጂ ፕሮሰሰሩ አልነበረም» አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ቦታ የጠበበውን ሠራተኛ ፍጠን ብለን በሽቦ ስንጎተጉተው ከረምን። የመጀመሪያው ልጅ እውነቱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ኮሚቴ መሰብሰቡን የሸሸሁት እኔ ነኝ።

ሃርድ ዲስኩ ተርፏል፤ መዝገቡ አልጠፋም። የጠፋው የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ማሽንና የእኔ ፊት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትይዝ ያቺ አገር በዓለም መንግሥታት ማኅበር አደባባይ ወጥታ ወረራውን አልቀበልም ስላለች ነው። እኔ ግን አደባባዩ አጠገብ ያደረግሁትን ለመናገር ማሽኑ እስኪሞት ጠበቅሁ።

በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥቼ ከጥፍር ቀለሙ እስከ ሽቦዋ ተናዘዝኩ። ግማሹ ሰው አልገባውም። አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ግን ከኋላ ተነሡ። በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የነዱ ሰው ናቸው።

«ገብቶኛል» አሉ። «ፖምፓውን ከፍታችሁበታል ማለት ነው። እኛም እናደርገው ነበር። ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣል፤ ሞተሩ ግን ዕድሜውን እዚያው ዳገቱ ላይ ይተወዋል።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፤ «ልዩነቱ፣ እኛ ለባለመኪናው አንነግረውም ነበር። ሞተሩ ሲነክስ ‹አሮጌ ነው› እንለዋለን። እሱም ያምነናል።»

ጉባኤው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የወጡ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲበዛባቸው ራሳቸው ይፈጥናሉ፣ ሲሞቁ ራሳቸው ይቀዘቅዛሉ፤ ሽቦና እርሳስ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የዚያን ልጅ ሙያ ዛሬም አልንቅም። እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣ ሒሳቡ የገባው ልጅ ነበር። አሮጌ ዕቃን ከወሰኑ በላይ ማሠራት በራሱ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱ አውቆ፣ ሊደርስ የሚችለውንም ተቀብሎ ካደረገው ብልሃት ነው። የፍጥነት ቁጥሩን የሚፍቀው ነጋዴ፣ ፖምፓውን የሚከፍተው ሾፌርና የእድሩ ጸሐፊ የሚገናኙት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስቱም የሰው ንብረት ላይ ቮልት ጨምረው ዝም አሉ።

እድሩ በዚያው ቀን ሌላ ዩዝድ ኮምፒውተር እንዲገዛ ወሰነ፤ ከነሚሞሪው። የእኔን ድርሻ ከኪሴ ከፈልኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ አንዲት መስመር እንድጨምር ታዘዝኩና በገዛ እጄ ጻፍኳት፤ «የእድሩ ዕቃ ከመከፈቱ በፊት ለኮሚቴው ይነገር።»