የሥጋ ከብት ዝርያዎችና መለያ ባሕርያቸው

ከቆጋ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለድለባ ከብት የሚገዛ አርቢ አስቀድሞ ዝርያውን መለየት ይጠቅመዋል።

ፎገራ፦ መገኛው በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሜዳ ነው። በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭርና ገራም ሲሆን ለወተት፣ ለእርሻና ለሥጋ ያገለግላል።

ሆሮ፦ ከዓባይ ማዶ፣ ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የመጣ ሲሆን በአብዛኛው ቀይ ቡናማ ነው።

ቦረና፦ የደቡብ ቆላ ዝርያ ነው። በአብዛኛው ነጭ ወይም ግራጫ፣ ሻኛው ትልቅ ሲሆን በሥጋ ምርቱ ይታወቃል።

ፎገራ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር በመደባለቁና የግጦሽ መሬቱ የሩዝ ማሳ በመሆኑ እየተመናመነ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ይጠብቃል። አርቢዎችም ምርጡን ኮርማ ዘር ሳይተካ ለእርድ እንዳይሸጡ ይመከራሉ።