የተማሪው ዓመት ስንት ወር ነው?

አሜሪካኖች «ሰመር» የሚሉትን ወቅት ወደ አማርኛ መመለስ ያስቸግራል። በአየሩ ጠባይ ከሄድን በጋ ነው፤ ፀሐይዋ የምታቃጥልበት፣ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድበት። በወሩ ከሄድን ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነውና የእኛ ክረምት ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት። እኔ «ክረምት» የሚለውን መርጫለሁ። እዚህ የሚያሳስበኝ አየሩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ በር ነውና። የአሜሪካ መንግሥት ለድኻ ተማሪ የኮሌጅ መማሪያ የሚሰጠው ገንዘብ እነዚህን ሦስት ወራት እንዴት ሲቆጥራቸው ኖረ? ነገሩ የሒሳብ ሹም ጉዳይ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ታሪክ አለው፣ በታሪኩም ውስጥ ሰዎች አሉበት።

በአሜሪካ የክረምቱን ትምህርት ካደመቁት መካከል ዋነኞቹ መምህራን ነበሩ። ከመስከረም እስከ ግንቦት የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ከርመው፣ ለራሳቸው የሚማሩበት ጊዜ ከክረምት በቀር አልነበራቸውም። (የእኛም አገር መምህራን በዝናቡ ወራት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲጎርፉ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።) እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሻቶኳ ሐይቅ ዳር የተጀመረው የክረምት ጉባኤ መነሻው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ማሠልጠን ነበር። እዚያ ካስተማሩት አንዱ ዊሊያም ሬኒ ሃርፐር ይባላል፤ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከዬል የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበለ፣ ዕብራይስጥን በክረምት ኮርስ ለብዙዎች ያዳረሰ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የተከፈተውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት ሲመራ ዓመቱን በአራት እኩል ሩብ ከፈለው። ክረምቱ እንደሌሎቹ ሩቦች ሙሉ የትምህርት ጊዜ ሆነ፤ ተማሪው ዕረፍቱን በፈለገው ሩብ መውሰድ ይችል ነበር። የእኛን የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ ቋንቋ ያጠና ሰው የዓመትን አቆጣጠር ለማፍረስ መድፈሩ ደስ ይለኛል፤ ምናልባት ምክንያቴ ከዘመድነት ያለፈ ላይሆን ይችላል።

ብዙዎቹ ኮሌጆች ግን በሁለቱ ሴሚስተር ጸኑ፤ ክረምቱም እንደ ጓሮ በር ቀረ። በዚያ በር ከወጡት አንዱ ሊንደን ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በቴክሳስ፣ ሳን ማርኮስ በሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ ገባ። ተበድሮ፣ የኮሌጁን ወለል እየጠረገ ተማረ። ገንዘብ ሲያልቅበት አቋርጦ በ1928 ኮቱላ በምትባል ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ ድኻ ልጆችን አስተማረ፤ ከዚያ ተመልሶ በነሐሴ 1930 ተመረቀ። ነሐሴን ልብ ይሏል! ሌላው በግንቦት በሚመረቅበት አገር የነሐሴ ምሩቅ ብዙውን ጊዜ ያልደረሰበትን በክረምት ያሟላ ሰው ነው።

ይኸው ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1965 የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን የፈረመው በዚያው በሳን ማርኮስ ኮሌጁ ነው። በንግግሩም የኮቱላዎቹን ልጆች አነሣ፤ ድኾች ስለነበሩ የኮሌጅ በር እንደተዘጋባቸው ያኔ መገንዘቡን ተናገረ። ሕጉ ለችግረኛ ተማሪ የማይመለስ ገንዘብ እንዲሰጥ ፈቀደ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ገንዘቡ በቀጥታ ለተማሪው እንዲሰጥ የሚያደርገውን ድንጋጌ አስጸደቀ። በመጀመሪያው የድጎማ ዓመት፣ በ1973–74፣ ከፍተኛው መጠን 452 ዶላር ነበር። በ1980 ድጎማው በሴናተሩ ስም ተጠራ። ፔል ከባለጸጋ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ በፕሪንስተን የተማረ ሰው ነበር፤ ሊበቀለው የሚገባ የራሱ ረሃብ አልነበረውም።

ታዲያ ክረምቱ ምን ሆነ? ገንዘቡ ለዓመት ተመድቦ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሴሚስተር እኩል ይከፈል ነበር። በሁለቱም ሙሉ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሰኔ ሲደርስ ድርሻው አልቋል። በግማሽ ጭነት የተማረ ግን ያልተነካ ገንዘብ ስለሚተርፈው ለክረምት ሊጠቀምበት ይችላል። ነገሩን ገልብጠን እንየው፦ ሲተጋ የከረመው ድኻ ክረምቱን ከኪሱ እንዲከፍል ወይም ሥራ ፍለጋ እንዲወጣ ሲገደድ፣ ቀስ ብሎ የተራመደው ገንዘብ ነበረው። ይህን ያሰበ ክፉ ሰው አልነበረም። ሕግ አውጪዎቹ ዓመት ሲሉ በልባቸው ያለው የገዛ ልጅነታቸው ዓመት ነበር፤ ክረምቱ ዕረፍት የሆነበት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኮንግረሱ ይህን አስተካከለ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚማር ሁለተኛ ድጎማ እንዲያገኝ ፈቀደ። ፔል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2009 አረፈ፤ ሥራው የጀመረውም በዚያው ዓመት በጋራ የድጎማ ዘመን፣ በ2009–10 ነው። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ወጪው ከተገመተው እጅግ በለጠ፤ ጊዜውም የኢኮኖሚ ቀውስ ነበርና ሥራ ያጣው ሁሉ ወደ ኮሌጅ ተመልሷል። የኦባማ አስተዳደር 5,550 ዶላር የደረሰውን የዓመት ጣሪያ ከማውረድ የክረምቱን መሠዋት ይሻላል አለ፤ በኤፕሪል 2011 በበጀት ስምምነት ተሻረ። ሁለት የድጎማ ዓመት ብቻ! እውነቱን ለመናገር ምርጫው ቀላል አልነበረም። ጣሪያው ቢወርድ የሚጎዳው እያንዳንዱ ችግረኛ ነው፤ ክረምቱ ቢዘጋ የሚጎዳው ለመጨረስ የሚቸኩለው ነው። እኔ ግን ለሁለተኛው አደላለሁ። ድኻን ትምህርት የሚያስተወው ብዙ ጊዜ ፈተናው ሳይሆን በመሐል የሚገባው ዕረፍት ነውና፤ ለሦስት ወር ብሎ የያዘው ሥራ ለሦስት ዓመት ይይዘዋል።

በሜይ 2017፣ በትራምፕ ፊርማ፣ በሩ እንደገና ተከፈተ። አሁን ተማሪው በአንድ የድጎማ ዓመት እስከ 150 በመቶ ማግኘት ይችላል፤ ይኸውም በሁለቱ ሴሚስተር መቶውን ከጨረሰ ለክረምት ተጨማሪ ሃምሳ አለው። ይህን ተጨማሪ ለማግኘት ግን ቢያንስ ግማሽ ጭነት፣ በተለመደው አቆጣጠር 6 ክሬዲት፣ መመዝገብ አለበት። በሦስት ክሬዲት ብቻ የተመዘገበ ባዶ እጁን ይቀራል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማሩ የወገኖቻችን ልጆች ይህችን ቁጥር ሳልነግር ማለፍ አልወደድኩም።

ሌላም አለ። የድጎማው ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ የክረምቱ ትምህርት ሁለቱን ዓመታት ረግጦ ይቆማል፤ እንዲህ ዓይነቱን ጊዜ ካለፈው ወይም ከሚመጣው ዓመት ጋር የሚያስቆጥረው ኮሌጁ ነው። ከሚመጣው ከተቆጠረ የመስከረሙን ስንቅ በሐምሌ መብላት ሊሆን ይችላል። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 12 ሴሚስተር፣ 600 በመቶ፣ ነው፤ የክረምቱም ሃምሳ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ጆንሰን በነሐሴ ሲመረቅ የሚቆጥረው ዕዳውን ብቻ ነበር። የዛሬው ተማሪ ሰኔ ላይ ቆሞ ክሬዲቱን፣ መቶኛውንና የቀሩትን ሴሚስተሮች ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን የሚገልጠው።