የቆጠበው ማን ነው፣ የሚያተርፈውስ? የማዘጋጃ ቤት ሕንጻዎች የኃይል ቁጠባና ተዘዋዋሪ ፈንድ

በማዘጋጃ ቤት ሕንጻዎች የሚባክን ኃይል ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በበጀት እጥረት ላይ ነው። በእኔ እይታ ግን ዋናው እንቅፋት ሌላ ነው፤ የተቆጠበው ገንዘብ በማን ሒሳብ እንደሚቀር አለመወሰኑ። አምፖል የሚቀየረው በካፒታል በጀት ሲሆን የመብራት ክፍያው የሚቀንሰው ከሥራ ማስኬጃው ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ደንብ ከሌለ የሕንጻው ኃላፊ ደክሞ የቆጠበው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመትም «ባለፈው ይህን ያህል በቅቷችኋል» ተብሎ በጀቱ ይቀነስበታል።

በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የምትገኘው አን አርበር ለዚህ መላ ያገኘችው ከዕዳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በቦንድ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ የሕንጻዎቿን የኃይል አጠቃቀም አሻሻለች። ዕዳው በ1998 ተከፍሎ ሲያልቅ ለክፍያው ይመደብ የነበረውን ገንዘብ ጨርሳ አልሰረዘችም፤ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም በዓመት 100,000 ዶላር፣ ለአምስት ዓመት ወደ ተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም የተመለሰለትን ገንዘብ ለሌላ ሥራ መልሶ ወደሚሰጥ ቋት፣ አዞረችው። ከፈንዱ የወሰደ ተቋም በየዓመቱ ይቆጥባል ተብሎ ከተገመተው ገንዘብ 80 በመቶውን ለአምስት ዓመት ይመልሳል፤ 20 በመቶው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በእጁ ይቀራል። የሕንጻ ኃላፊዎችን የሚያንቀሳቅሰው ይህ 20 በመቶ ይመስለኛል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ በ10,000 ዶላር መብራቱን ቀይሮ በዓመት 2,500 ይቆጥባል እንበል። በየዓመቱ 2,000 ሲመልስ ፈንዱ በአምስት ዓመት ወጪውን ይሞላል። ይኸው ቁጠባ 15,000 ዶላር የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ግን ፈንዱ 5,000 ይጎድለው ነበር፤ የአምስት ዓመት 80 በመቶ ተደምሮ የአራት ዓመት ቁጠባ ብቻ ነውና። ስለዚህ ደንቡ ሳይናገር አምፖልን ይመርጣል፤ የጣሪያ ሙቀት መከላከያና መስኮት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ክፍያው የሚሰላው በግምት መሆኑ ለሒሳብ ሠራተኛው እፎይታ ነው፤ መሐንዲሱ አጋኖ ከገመተ ግን ልዩነቱን ከኪሱ የሚያወጣው ጣቢያው ነው።

የጀርመኗ ሽቱትጋርት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ መንገድ ይዛለች። የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ለሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ያለ ወለድ ወጪውን ይሸፍናል፤ ቁጠባውም የተደረገው ወጪ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ ከኃይል በጀታቸው ወደ ቢሮው ይመለሳል። በዚህ አሠራር ቦይለር መቀየርም ሆነ ግድግዳ መሸፈን ቦታ ያገኛል፤ ተጠቃሚው ግን ዓመታት መጠበቅ አለበት። ክርክሩም አይቀርም፦ ላልተቃጠለ ጋዝ ቆጣሪ የለም። ክረምቱ ለዘብ ያለ እንደሆነ ቁጠባው የአየሩ ነው ወይስ የቦይለሩ? ስለዚህ ሂሳቡ በየዓመቱ ለአየሩ ሁኔታ መስተካከል አለበት።

በእኛ አገር ወጪን በአራት ዓመት የመመለሱን መስመር የሚያንቀሳቅሰው ታሪፍ ነው። የመብራት ዋጋ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ጨመረ፤ በመስከረም 2017ም እንደገና ተከለሰ። ታሪፉ በእጥፍ ቢያድግ ወጪውን በስምንት ዓመት ይመልስ የነበረው አምፖል በአራት ዓመት ይመልሳል። ለዓመታት አያዋጣም ተብሎ የታለፈ ሥራ ዛሬ ሊያዋጣ ይችላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን የቆጠበውን እስከ ሰኔ 30 ካልሠራበት መመለስ አለበት።