የመስቃን የጓሮ ደኖች፦ የባሕር ዛፍ አያያዝ ታሪክ

መስቃን ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ እስከ ስምጥ ሸለቆው ሜዳ የተዘረጋ አገር ነው። ማዕከሉ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀድሞው የዛፍ ሽፋን ከፍታውን ተከትሎ ይለያይ ነበር፤ ወደ ዘቢዳር ተራራ ሲወጣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ወደ ሜዳው ሲወረድ ግራር ይበቅል ነበር። እርሻና ግጦሽ እየሰፉ ሲሄዱ አብዛኛው ተመነጠረ። ዛሬ በመንደሮቹ ዙሪያ የሚታየው ደን በአመዛኙ በሰው እጅ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው።

የጉራጌ መንደር አሰፋፈር ለዛፍ ቦታ የሚሰጥ ሥርዓት አለው። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊና ሣራማ የጋራ መንገድ ይዘልቃል። ጀፎረ ከብት የሚሰማራበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚቀመጡበት ስለሆነ ማንም እንዳይገፋው በባህላዊ ሕግ ይጠበቃል። ከቤቱ ጀርባ በፍግ የሚለማው የእንሰት ጓሮ ይከተላል። ባሕር ዛፍ በመጣ ጊዜ የተሰጠው ቦታ ከእንሰቱ ማዶ ያለው ዳርቻ፣ ድንበርና ለእርሻ የማይመች ተዳፋት ነበር።

ዛፉ አገር ውስጥ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዙሪያዋ ያለው ደን ተመንጥሮ የማገዶ ችግር የገጠማት አዲስ አበባ ከአውስትራሊያ የመጣውን ፈጣን ዛፍ በሰፊው ተከለች። ውሃ ያደርቃል የሚለው ስጋት የተነሣው ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም በተግባር አልዋለም። ዛፉ ከከተማዋ አልፎ ወደ ደጋው አገር ሲዛመት፣ በንግድና በጉልበት ሥራ ከአዲስ አበባ ጋር በጥብቅ የተሳሰረው ጉራጌም ተቀበለው። በደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ሞቅ ባለውና ዝናብ በሚያንሰው ስፍራ ቀይ ባሕር ዛፍ ይስማማል።

ገበሬው አንድ ተክልን ለትውልድ ማቆየት የቻለው የጉቶን ጠባይ በማወቁ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ቀድሞ ስለተተከለ አዲሱ ቅጥያ ከችግኝ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል። ለዚህም ግንዱ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ፣ ልጡ ሳይላጥ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ መቆረጥ አለበት። ብዙ ቅጥያ ሲወጣ ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው ሌላው ይነሣል፤ ካልተነሣ ሁሉም ቀጥኖ ይቀራል። አዲሱ ቅጥያ እስኪጠነክር ከብት እንዳይረግጠውም ይታጠራል። ቀጭኑ ለማገር፣ መካከለኛው ለወራጅና ለአጠና፣ የቆየው ለቋሚ ይሆናል፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለማገዶ ይውላል። ከበርካታ ዙር ቆረጣ በኋላ ጉቶው ሲዳከም ነቅሎ በአዲስ ችግኝ መተካት ያስፈልጋል። ነጋዴ ደኑን በቁሙ በሚገዛበት ጊዜም ዛፉ ሲሄድ ጉቶው የባለቤቱ ሆኖ ስለሚቀር፣ ጠንቃቃ ባለቤት ከዋጋው እኩል በአቆራረጡ ላይ ይስማማል።

በዚህ መንገድ የተያዘ ደን የቤተሰብ ጥሪት ሆነ። ለመስቀል ወይም ለአረፋ በዓል፣ ለትምህርት ቤት ወጪ፣ ለሕመም ወይም ለሠርግ ገንዘብ ሲያስፈልግ የሚበቃው ያህል ይቆረጣል፤ የቀረው ያድጋል።

የባለቤትነት ጉዳይ ይህን ዛፍ የማቆየት ትዕግሥት ሲያጠብቀውም ሲያላላውም ቆይቷል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበራት ሥር የጋራ ደኖች ተተከሉ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የጋራ ደኖች ተመነጠሩ፤ ማን እንደሚቆርጠው ያልታወቀን ዛፍ የሚጠብቀው አልነበረም። በየቤቱ ዳርቻ የተተከለው ግን እየሰፋ ሄደ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች የገበሬውን ዋስትና አጠናከሩ፤ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ ማረጋገጫን፣ አዋጅ ቁጥር 542/1999 የግል ደንን፣ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም በሕግ አወቁ።

የመስፋፋቱ ዋጋም ግልጽ ነው። ባሕር ዛፍ ከአጠገቡ ካለው ሰብል ጋር ውሃና ንጥረ ነገር ይሻማል፤ ስለዚህ በእርሻ ድንበር ላይ የተተከለ ዛፍ የጎረቤትን ምርት ቀንሶ ጠብ ያስነሣል። በምንጭ ዳር ሲሆን የውሃውን መጠን ይቀንሳል። ወለሉ በቅጠል ካልተሸፈነ ደግሞ ከሥሩ ያለው አፈር በጎርፍ ይታጠባል፤ ስለዚህ ቅጠሉን በሙሉ ለማገዶ መጥረግ ተዳፋቱን ያራቁታል። የደን ባለሙያዎች ምክር ዛፉን ከምንጭና ከሰብል ማራቅ፣ ከወደቀው ቅጠል ከፊሉን መሬት ላይ መተውና በእርሻ ውስጥ እንደ ዋንዛ ያለ ለሰብል የሚስማማ አገር በቀል ዛፍ ማቆየት ነው። ጓሮው ለእንሰት፣ ጀፎረው ለሕዝብ፣ ዳርቻው ለባሕር ዛፍ የተከፈለበት የመንደሩ ነባር አሰፋፈርም ይህንኑ ምክር በተግባር ለማዋል ይረዳል።